ባዶውን የሄደው ወንበር

“ሚኒባሱ ሞልቷል እኮ ነው የምልሽ፣ እማ! አንድም ወንበር የለም” አለች ሙኒያ ጫማዋን እያጠለቀች።

እናቷ ኑርሀያት ከሱብሒ ሶላት ጀምራ ለባብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ለዒድ ብቻ የምታወጣውን አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። የአዋሽ ሴቶች የመተሳሰቢያ ክበብ መልካ ወረር ሄዶ የድሮውን የጥጥ እርሻ ቴአትር ቤት ሊጎበኝ መሆኑን ከሰማች ወዲህ፣ ደህና እንቅልፍ አልተኛችም።

“ወለሉ ላይም እቀመጣለሁ፣ ልጄ። ቅርብ አይደል?”

“ትራፊክ ይይዘናል።”

“እንግዲያማ በሰላም ግቡ” አለች ኑርሀያት። ሻሿን ግን አልፈታችም። ሙኒያ ዞር ብላ ሳታያት ወጣች።

ውሸቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሙኒያ ከማሉዲንን ስታገባ ለአማቶቿ “እናቴ እርሻው ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበረች” ብላ ነበር። አማቶቿ ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ በንግድ የከበሩ፣ ለስማቸው የሚሳሱ ሰዎች ናቸው፤ “የኪነት ሴት” የሚለውን ቃል የሚናገሩት አፋቸውን ጠመም አድርገው ነው። ኑርሀያት ደግሞ ጥጥ ለቃሚው ሁሉ እየመጣ በሚያይበት በዚያ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ የተወነች፣ የዘፈነች ሴት ናት። ይህ ቢሰማ ሙኒያ በባሏ ዘመዶች ፊት ቀና ብላ የምትሄድ አይመስላትም።

ሚኒባሱ ውስጥ እንደገባች የክበቡ ሊቀመንበር እትዬ አስካለማርያም በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ወደ ቤቱ ተመለከቱ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሰው ጎድሎ መኪና ሲንቀሳቀስ አይወዱም።

“እናትሽስ? ከኋላዬ ወንበር ይዤላቸዋለሁ እኮ።”

“ጉልበቷን አሟት፣ እትዬ። መነሳት አልቻለችም።”

“እኔን!” አሉ እትዬ አስካለማርያም። ሴቶቹም ከኋላ “ዓፊያ ያድርጋቸው”፣ “እግዜር ይማራቸው” እያሉ ተቀባበሉ። ምርቃቱ ለሙኒያ ከስድብ ከፋባት። ባዶው ወንበር እስከ መልካ ወረር ድረስ ፊት ለፊቷ ሲንገጫገጭ ሄደ።

ቴአትር ቤቱ ቀለሙ ተላልጧል፤ የሌሊት ወፍ ይሸታል። ወንበሮቹና መድረኩ ግን እንዳሉ ናቸው። ሴቶቹ መድረኩ ላይ ወጥተው በየስልካቸው ፎቶ ሲነሱ፣ ያስጎበኟቸው የነበሩት ሽማግሌ ጋሽ በላይ ወደ አንድ የግድግዳ ፎቶ መሯቸው። ጋሽ በላይ በወጣትነታቸው የመድረኩ መብራት ሠራተኛ ነበሩ። ፎቶው ላይ አንዲት ሴት እንደ አሮጊት ጎብጣ ቆማለች።

“ይቺ ኑሪት ናት” አሉ። “ያኔ ገና ኮረዳ ናት። አሮጊት ሆና ስትወጣ ግን የወለደቻት እናቷ አታውቃትም! ለጥጥ ለቀማ ውጡ ሲባል የምታመካኝ አሮጊት ነበረች በቴአትሩ። እንዲህ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ፣ አንዱን ወገቧ ላይ አድርጋ ‘ውይ ጉልበቴን!’ ስትል ይኼ አዳራሽ በሳቅ ይናጋ ነበር።”

ጋሽ በላይ ጎብጠው ሲያሳዩ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሙኒያ ስለ እናቷ ጉልበት የተናገረችው ውሸት ትዝ ሲላት ፊቷን ከፎቶው አዞረች።

“በኋላስ የት ደረሰች?” አሉ እትዬ አስካለማርያም።

“ልጅ ነበረቻት። እዚህ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣት ነበር የምትጫወተው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ እኩዮቿ ሰደቧት መሰለኝ፣ ቤት ገብታ ‘ሁለተኛ እዚያ እንዳትወጪ’ ብላ አለቀሰችባት። በማግሥቱ ኑሪት መጣችና ‘ልጄ አንገቷን ደፍታ እኔ ቀና ብዬ አልዘፍንም’ አለችን። በዚያው ቀረች። በሕይወት ካለች አንድ ቀን ይቺን መድረክ ባሳየኋት ደስ ይለኝ ነበር። ከእናንተ ውስጥ የምታውቃት የለችም?”

ክበቡ ውስጥ ኑርሀያትን በስሟም ሆነ ኑሪት በሚለው የመድረክ ስሟ የሚያውቅ የለም፤ ለሁሉም “የሙኒያ እናት” ናት። እትዬ አስካለማርያም ወደ ሙኒያ ዞሩ።

“አንቺ እዚህ አይደል ያደግሽው? አታስታውሻትም?”

“አላውቃትም” አለች ሙኒያ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ሙኒያ ያንን ለቅሶ ረስታው ነበር። እናቷ፣ መድረኩን ለምን እንደተወች ሙኒያ በጠየቀቻት ቁጥር “ድምፄ ተዘጋ” ነበር የምትላት፤ እሷም አምና ኖራለች። አሁን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እስከዚያን ዕለት በእናቷ ስታፍር ኖራ፣ ያን ቀን ግን በራሷ አፈረች።

አመሻሽ ላይ ሚኒባሱ አዋሽ ገብቶ እነ ሙኒያ ደጅ ቆመ። ሙኒያ ወረደች። ኑርሀያት በሩ ላይ ተቀምጣለች፤ አረንጓዴው ሻሽ አሁንም ራሷ ላይ ነው። እትዬ አስካለማርያም በመስኮት ብቅ አሉ።

“እማማ፣ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የያዝኩልዎ ወንበር ባዶውን ሄዶ ባዶውን መጣ እኮ!”

ኑርሀያት ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ሙኒያ ዓይኗን ሰበረች። ኑርሀያት ወዲያው በሩን ተደግፋ ተነሳች፤ ጎበጠች፤ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ፣ አንዱን ወገቧ ላይ አደረገች።

“ውይ ጉልበቴን! አይ ልጆቼ፣ ይዞኝ ዋለ። እንኳን መኪና ልሳፈር ከቤት ደጅ መውጣትም አቅቶኝ ነበር። ሙኒያማ ብትለምነኝ ብትለምነኝ እንቢ አልኳት።”

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ያን አጎነባበስ ቴአትር ቤቱ ውስጥ እንደሳቁበት አንዳቸውም ልብ አላሉም፤ ኑርሀያት ያን ያህል አሳምራ ነው የታመመችው። ቢሰጥ የተባለው ሾፌር ማርሽ አስገባ።

“ቢሰጥ፣ ሞተሩን አጥፋው” አለች ሙኒያ።

“ምን ረሳሽ?”

“አጥፋው።”

ሞተሩ ጠፋ። ሙኒያ የሚኒባሱን በር ሳበችና ከፈተችው።

“እትዬ፣ እናቴን አላመማትም። ወንበር የለም ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ፎቶው ላይ ያለችውም እሷ ናት።”

ኑርሀያት ጉልበቷን እንደያዘች፣ ልልቀቅ አልልቀቅ እያለች ልጇን ታያለች። ሙኒያ ሄዳ ክንዷን ያዘቻት።

“ቀና በይ፣ እማ” አለቻት።