ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የተነሳ ፎቶ

መኪያ ያን ዓርብ ከዱባይ ሚርዲፍ ሰፈር የወጣችው አስቀያሚ ፎቶ ልትነሳ ነበር። ሰው መቼም ለፎቶ ይኳኳላል እንጂ ሆን ብሎ አያስጠላም። እሷ ግን የአሠሪዋን የማዳምን ቤት የምታጸዳበትን የደበዘዘ ቀሚስ እንደለበሰች፣ እጇ በረኪና እየሸተተ፣ የዘካርያስ መኪና ውስጥ ገባች። ጓደኛዋ ሱልጣና ከኋላ ተቀምጣ ስታያት ሳቋን አፈነች።

ዘካርያስ ዲራ ያለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው። ዓርብ ዓርብ ካሜራውን ተሸክሞ ከሻርጃ ወዲያ፣ መሊሓ በረሃ ያሉትን ዐለቶች ሲያነሳ ያመሻል። ድንጋዩን እንደ ሙሽራ ስለሚያነሳ ጓደኞቹ "ድንጋይ ሊድር ሄደ" እያሉ ይቀልዱበታል። ዛሬ ግን መኪያ ለምናው ሰው ሊያነሳ ነው።

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ያለችው ታናሽ እህቷ ሸሪፋ እሁድ ከቤት ልትወጣ ነው። መንግሥት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ካገደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በአውሮፕላን ስለማይቻል ደላላው በባቲ በኩል ወደ ባሕር ሊያወርዳት ቀጥሯታል። ያ ባሕር ስንቱን እንደበላ መኪያ ታውቃለች። "ተይ" ባለቻት ቁጥር የሸሪፋ መልስ አንድ ነው፦ "አንቺ ደርሰሽ የለም እንዴ?"

መኪያ ጥፋቱን በፎቶዎቿ ላይ ላከከች፤ እህቷ የጓጓችው ወርቋን አይታ መሰላት። ሱልጣና ዲራ በተከራየችው ቢድ ስፔስ፣ በጋራው መኝታ ክፍል፣ አንድ የወርቅ ሐብል አለ። በዕረፍት ቀን የሚሰበሰቡት ሴቶች በየተራ አጥልቀውት ይነሳሉ፤ ፎቶው አገር ቤት ይሄዳል፣ ሐብሉ ሻንጣ ውስጥ ይመለሳል። አበው "በሰው ወርቅ አይደምቁ" ያሉት ካሜራ ስላላዩ ነው። መኪያ ስድስት ዓመት ደመቀችበት። አሁን ግን ያለ ወርቅ፣ በረሃ ላይ ተጎሳቁላ ልትታይ ፈለገች።

ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ዘካርያስ ካሜራውን እያቆመ፣ "ይሄ ሁሉ ድሮ ባሕር ነበር" አላት። ዐለቱን ዳበሰችው። እውነትም ዛጎል ተጣብቆበታል። ሸሪፋ ትዝ ብላት እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

ከዚያ ፀሐይዋ ገባችና ብርሃኑ ብቻ ቀረ። አሸዋው ከውስጡ የሚያበራ መሰለ፤ ዐለቶቹ ወይን ጠጅ ሆኑ። ነፋሱም ጸጥ አለ። መኪያ ለምን እንደመጣች ረሳች፤ ሕልም ውስጥ እንዳለ ሰው ዝም ብላ ቆመች።

ዘካርያስ ያኔ ያነሳትን ፎቶ ሲያሳያት ክው አለች። ያ የበረኪና ቀሚስ ሐር መስሏል። ዐለቱ ሥር የቆመችው ሴት ሙሽራ ናት።

"ውይ! ሸሪፋ ይሄን ካየችማ እሁድንም አትጠብቅ!"

"ምን ላድርግ መኪያ፣ ብርሃኑ ነው" አለ ጥፋተኛ ሆኖ።

"ኸላስ፣ በቃ ይጨልም። ያኔ በስልኬ ታነሳኛለህ።"

ጨለመና አነሳት። ጥቁር ዐለት፣ ጥቁር አሸዋ፣ መሃል ላይ ደብዛዛ ፊት። መኪያ ፎቶውን ለሸሪፋ በኢሞ ላከችው፤ ከሥሩም ጻፈች፦ "አንገቴን እዪው። ወርቅ የለኝም። እስከ ዛሬ ያያችሁት የሱልጣና ነው፣ ዋላሂ።"

ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

"እታለም፣" አለች ሸሪፋ፣ "ወርቁንማ እናውቀዋለን። የሰፈራችን ልጆች ከዚያ በላኩት ፎቶ በብዙነሽም፣ በሙኒራም አንገት አይተነዋል። እማ ፎቶ በመጣ ቁጥር 'ዛሬ ደግሞ ተራው የማን ነው?' ትላለች።"

መኪያ አፈረች። "ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?"

"በፎቶው ሁሉ ብቻሽን ነሻ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አጠገብሽ ቆሞ አላየንም። አብሬሽ ልቁም ብዬ ነው።"

ሌሎቹ ሴቶች ተራ እየጠበቁ ከካሜራው ኋላ ይቆሙ እንደነበር ልትነግራት ፈለገች፤ እንባዋ ቀደማት። ማዳም የሰጠቻትን የዕረፍት ትኬት ሁለት ጊዜ ሳትሄድበት ያሳለፈችው፣ እገዳው ሳይነሳ አገር የገባ ተመልሶ አይወጣም ብላ ፈርታ ነው። አሁንም ትፈራለች። ሥራዋ፣ የቤተሰቡ ጉርስ፣ ሁሉም እዚህ ነው።

"ሸሪፋ፣ ለደላላው አልሄድም በይው። እኔ እመጣለሁ።"

"ከመጣሽማ መመለሻ የለሽም።"

"አውቃለሁ።"

ሸሪፋ ስታለቅስ ይሰማል። "እሺ፣ እነግረዋለሁ" አለች በመጨረሻ።

ዘካርያስ ዕቃውን ሰብስቦ ጠበቃት። "የፊተኛውን ፎቶ ላጥፋው?"

"ተወው፣ ለእማ እወስድላታለሁ" አለችው። ከዚያ ሱልጣናን ከመኪናው ጠርታ ጎኗ አቆመቻት። "አሁን ሁለታችንን አንሳን።"