የቅሬው ዳኛ ቃሬዛ

«ደግሞ መኪና? ለማን? ለአባተ?» የሻለም በሩን በሰውነቷ ዘግታ ቆመች። «ባሌን ቃሬዛ የከለከለው አባተ አይደለም እንዴ!»

«የሻለም እህቴ፣ በፈጠረሽ» አለች የአባተ ሚስት እናኑ። ነጠላዋ በባሏ ደም ርሷል። «ደሴ ሐኪሙ ነግሮናል። ወደ ጉበቱ የሚሄደውን ሥር የረጋ ደም ዘግቶታል፤ መንገድ ያጣው ደም የጨጓራውን ሥሮች ወጥሯቸዋል። ከፈነዱ ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት ብሎን ነበር። ዛሬ ፈነዱ።»

«ይፍሰስ!»

አባተ የቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ዳኛ ነው። የየሻለምን ባል ደሳለውን፣ ቀብር ቀርተሃል ብሎ ከቅሬ ያስወጣው እሱ ነው። ከቅሬ የወጣን ሰው ሲታመም የሚሸከመው፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም። ደሳለው የታመመ ጊዜ የሻለም በአህያ ጭና ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ስታዘግም መንገድ ላይ ሞተባት። የቀበሩት እሷና ወንድሟ በፍቃዱ ብቻ ናቸው። ፒካፕ መኪናው የመጣው ኋላ ነው፤ ልጇ ጅዳ ሠርታ የገዛችላት።

ቃሬዛ የተሸከሙት ሰዎች ደጇ ደረሱ። ከፊት የቅሬው አባል ሳዲቅ አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አላህን ፍሪ!»

«ያን ጊዜ አንተ ፈርተኸው ኖሯል?»

የሻለም ቃሬዛው ላይ ወደተኛው አባተ ጎንበስ አለች። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለምነኝ። ደሳለውን የገደልኩት እኔ ነኝ በልና ተሳፈር።»

አባተ ከንፈሩን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «አትለምኗት» አለ ሰዎቹን። «ከቅሬ የወጣ ሰው አይጠራንም፣ እኛም አንጠራውም። ሕግ ነው። አንሱኝ።»

አንስተውት ቁልቁል ወረዱ።

የሻለም ቁልፉን ጨብጣ ቀረች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ልመና ሳይመጣ ቀረ። ዝም ብትል በሕጉ እንደኮራ ይሞታል። ቢድንስ? በእሷ መኪና ቢድን? ከማሻ እስከ ወግዲ፣ በየገበያው «የደሳለው ሚስት ያተረፈችው» ይባላል፤ ይህን እየሰማ ያረጃል። ከሞቱ ይልቅ ይሄ ጣማት።

«በፍቃዱ! አስነሳ! እንቢ ቢል በግድ ጭነን እንወስደዋለን!»

ቁልቁለቱ ሥር ካለው ወንዝ ማዶ ደረሱባቸው። ቃሬዛው መሬት ላይ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ሣር በደም ጠቁሯል። ሳዲቅ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ የአባተን ፊት ሸፈነ። እናኑ ደረቷን ትደቃለች።

የሻለም የመኪናውን በር ከፍታ አንድ እግሯን አወረደች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ አፏ ውስጥ አለ። የምትሰድበው ሰው ግን የለም። እግሯን መልሳ በሩን ሳበችው።

«አዙር» አለች።

ወንዶቹ ማን ቀድሞ ሮጦ መንደሩን እንደሚያረዳ፣ ማን ከፊት እንደሚሸከም ሲነጋገሩ በፍቃዱ መኪናውን አዞረ።