ክንዱን ከሥር ያዝኩት

«እማ፣ ይሄ ግጥም ይባላል?»

እናትየው ማድ ቤት ቆማ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አባቷ፣ የልጅቷ አያት፣ ከተቀበሩ ወዲህ የቤቱ በር ተዘግቶ አያውቅም። ልጅቷ አንዲት ወረቀት ዘርግታ ፊቷ ተገትራለች።

እናትየው ፊደል የለየችው በቅርቡ፣ ከሥራ መልስ በምትከታተለው የጎልማሶች ትምህርት ነው። የመድኃኒት ካርቶንና የሱቅ ታፔላ ታነባለች። ግጥም ግን ከየት አባቷ ታውቃለች?

«አጎትሽን ጠይቂው። የተማረው እሱ ነው» አለች።

«እሱማ የራሱን ይዞ መጥቷል። ‹ዋርካው ወደቀ፣ አንበሳው ተኛ› ይላል። አባባ ደግሞ መቼ ነው አንበሳ የሆነው? ድመት እንኳን ይፈራ ነበር እኮ!»

እናትየው ሳቋ አመለጣትና አፏን በእርጥብ እጇ ያዘች። ወዲያው ደግሞ ገረማት። የገዛ አባቷ ድመት እንደሚፈሩ እስከዛሬ አታውቅም ነበር።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች።

አባባ አረጀ፣ እጁ ተናወጠ፤
ክንዱን ከሥር ያዝኩት፣ መቀሱም ቆረጠ።
ዐይኑ እየመራኝ፣ ክንዴ እየተማረ፣
አንድ ሰው መስሏችሁ፣ ሁለት ሰው ነበረ።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ለእሷ ኮስታራ፣ ቃል ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜዋን ሙሉ «አንቱ» ስትላቸው ኖራለች። በልጅነቷ ምሳ ስታደርስላቸው ሳህኑን ደጃፍ ላይ ሰጥታ ትመለስ ነበር እንጂ ሱቃቸው ውስጥ ዘው ብላ አታውቅም። ልጇ ግን ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ እዚያው ዋለች። በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ጣውላ አጋድመው ያስቀምጧታል፤ «አዙረኝ!» ስትላቸው ያዞሯታል። ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ተራው የእሳቸው ይሆናል። ራሰ በራቸውን በማበጠሪያ እየዳበሰች፣ «ምን ዓይነት ቁርጥ ይሁንልዎ ጌታዬ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም በመስታወት እያዩዋት፣ «ከጎን ቀነስ፣ ከላይ ተይልኝ» ይላሉ።

አንድ ቀን እናትየው በዚያ ስታልፍ በመስኮቱ አሻግራ አየች። አባቷ መቀሱን ይዘዋል። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ መዳፏን ከክርናቸው ሥር ደግፋለች። አይነጋገሩም፣ አይተያዩም፤ እሳቸው ወደ ጆሮ ግንድ ዞር ሲሉ እሷም አብራ ዞር ትላለች። እናትየው መንገዷን ቀጠለች። ማታ ግን አባቷ ከዐይኗ ላይ ሳያነቡት አልቀሩም፣ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» ብለው አስማሏት።

ያ ወንድሟ ነው አሁን ጥቁር ሱፉን እንደለበሰ ማድ ቤት የገባው። ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ታላቋና ብቸኛ ወንድሟ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«‹እጁ ተናወጠ›? ይሄ በሰው ፊት ሊነበብ ነው?»

«ጋሼ፣ ቀስ በል፤ ይሰማሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነበር የሚንቀጠቀጡት?»

እናትየውም ልጅቷም መሬት መሬት አዩ።

«ስደውልላቸው እኮ ‹እንደ ብረት ነኝ› ነበር የሚሉኝ። እናንተ ስታውቁ እኔ ልጃቸው...» የሱፉን ቁልፍ ቆለፈ። «ስሚኝ፤ ይሄ ከተነበበ እኔ እዚያ አልቀመጥም። ሰው ድካማቸውን ይዞ እንዲሄድ አልፈልግም። አንቺ ደግሞ ትናንት ፊደል ለይተሽ ዛሬ ግጥም አዋቂ ልትሆኚ ነው?»

እናትየው ይህን ወንድሟን አንድም ቀን ተቃውማው አታውቅም። ዛሬ ብታስቀይመው፣ አባት በሌለበት ቤት ምን ይመልሰዋል? ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ ወረቀቱን መልሳ ወስዳ አጥፋዋለች፤ እንደገና አጠፈችው፤ ትንሽ ከቆየች በመዳፏ ውስጥ ሊጠፋ ነው።

«ግጥም ነው» አለች እናትየው ቀጭን በሆነ ድምፅ።

«በምን አወቅሽ?»

«የአንተን ስሰማ አባታችንን ፈራኋቸው፣ ጋሼ። ይሄን ሳነብ ግን ናፈቁኝ።»

ወንድሟ ወደ ሳሎን ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ልጅቷ ሳሎኑ መሃል ቆማ አነበበች። «እጁ ተናወጠ» የሚለው ላይ ስትደርስ አጎቷ ከወንበሩ ተነሣ፤ የበሩን መጋረጃ ገልጦ ወጣ። ግጥሙ አለቀ። እናትየው ጉድ ፈላ ብላ የብርጭቆዎቹን ትሪ በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሾፌር፣ የአባቷ የድሮ ደንበኛ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እና እኛ አናውቅም ነበር? መቀሱ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ትንፋሽሽን እሰማው ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ። ዐይኔን ጭፍን የማደርገው እንዳይሳቀቁ ብዬ ነበር።»

«እኔስ ፈርቼ ነበር የምጨፍነው!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከጥግ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሳቁ መሃል ላይ ብዙዎቹ ዐይናቸውን ጠረጉ።

«ያም ሆኖ ሌላ ቤት ሄደህ ታውቃለህ?» አሉት ሾፌሩ።

«ምን በወጣኝ! እንዲህ ያለ እጅ የት አገኛለሁ?»

«እስቲ ድገሚልን» አሉ ሾፌሩ ወደ ልጅቷ ዞረው። ድምጿ አሁን ጠነከረ። እናትየው ወደ መጋረጃው አየች። ከሥሩ የወንድሟ ጫማዎች ይታያሉ፤ ጫፋቸው ወደ ቤቱ ዞሯል። እስከ መጨረሻው ስንኝ ንቅንቅ አላሉም። እንደገና ስታይ ግን አልነበሩም።

የወንድሟን የቀዘቀዘ ሻይ ደፍታ ትኩስ ቀዳችና ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠችው። ወንድሟ ሄዷል። ከደንበኞቹ ግን አንድም ሰው አልተነሣም።