ስም የወጣላቸው መሳቢያዎች

የቀበሌው ሊቀመንበር ጃርሶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በጠመንጃ ዘይት የጠቆረ ጣቱን ሦስት መስመሮች ላይ አሳረፈ።

«ትርንጎ አምስት። ነጋ ስድስት። ቦጂያ ሰባት። የፈረንጅ ፊደል የማላነብ መስሎህ ነበር? የኅቡዕ ጓዶችህ ናቸው?»

ፍሰሐ ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው ነው። ስህተት ሊፈልግበት ከመሥሪያ ቤት ያመጣውን ወረቀት ጠዋት በፍተሻ ከፍራሹ ሥር አውጥተውበታል።

«ሰዎች አይደሉም ጓድ ሊቀመንበር። የኮምፒዩተር መሳቢያዎች ናቸው። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ አሥራ ስድስት መሳቢያ አለው፤ የሚታወቁት በቁጥር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቁጥር ይምታታብኛል። ስለዚህ ማሽኑ በሚያነበው፣ በቀዳዳ በሚጻፈው ካርድ ላይ ገና ከመጀመሪያው ‹ትርንጎ ስልህ አምስትን ማለቴ ነው› እለውና ከዚያ ወዲያ በስም እጠራቸዋለሁ።»

በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ሳቀ። «ክርስትናስ አነሣሃቸው?»

ጃርሶ አልሳቀም። «ስሙን ከየት አመጣኸው?»

«ከራሴ። እንዲያው ያወጣሁት ነው።»

ውሸት ነበር። የያዘውን የማይለቀው መሳቢያ የመሥሪያ ቤታቸውን ግምጃ ቤት ጠባቂ ነጋን ይመስለዋል፤ ሲቆጥር የሚውለው ደግሞ ደረጃ በወጣ ቁጥር የሚቆጥረውን ዘበኛውን ቦጂያን። ተቀብሎ ወዲያው የሚያስረክበው ፈጣኑ ትርንጎ ነበረች፤ ካርዶቹን የምትበሳለት የጌጃ ሰፈሯ ልጅ።

«እንግዲያው መሳቢያ ነው የሚልልኝ አንድ ሰው ጥራና ቤትህ ግባ» አለ ጃርሶ።

ይህን የምታውቀው ትርንጎ ብቻ ናት። ካርዱን ስትበሳ «ምነው እኔን አምስተኛ አደረግኸኝ?» ብላ ስቃበታለች። ብትመጣ በሁለት ቃል ታስረዳለት ነበር። ግን ባለፈው ወር ወንድሟን እዚሁ ግቢ አስገብተውት አልወጣም፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ በር ላለማለፍ በልደታ ማርያም ዞራ ነው ሥራ የምትገባው። አሁን ስሟ ካለበት ወረቀት ፊት ራሷ መጥታ ብትቆም ማን ያስወጣታል?

«የሚያውቅ የለም» አለ።

«ካርዱን የሚበሳልህስ?»

«እኔው ነኝ የምበሳው።»

ጃርሶ ትክ ብሎ አየውና እስኪብርቶ ወረወረለት። «አሥራ ስድስት ነው ያልከኝ፤ እዚህ ያለው ሦስት ነው። የቀሩትን አሥራ ሦስት ስሞች ሙላልኝ። መሳቢያ ይሁኑ ሰው እኛ እናጣራለን።»

ፍሰሐ ወረቀቱን ወደራሱ ሳበ። የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ስም ባንድ ጊዜ ወደ አፉ መጣ። የማሽኑ መሳቢያዎች የሚቆጠሩት ከዜሮ ነው። ዜሮ ብሎ አጠገቡ ፍሰሐ ብሎ ጻፈ። ከአንድ ጎንም ፍሰሐ። ከሁለት ጎንም።