የስምንተኛ ለ የጋራ ደብተር

መምህርቷ በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኗ ተማሪ ፊት «አላውቅም» ብላ አታውቅም። የማታውቀው ነገር ጠፍቶ ሳይሆን ልማዱ ስላልነበራት ነው። ዘንድሮ ግን ዳይሬክተሩ ጠርቶ፣ «የልጆቹ ሥራ በየደብተሩ መበታተኑ ይብቃ፤ ኢንተርኔት ላይ በሥርዓት ይቀመጥ። ሠልጥነው ያስተምሯቸው» አላት። ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር። የመጀመሪያው ቀን የይለፍ ቃል በማውጣት አለፈ፤ ሁለተኛው የወጣውን በመርሳት።

የኮምፒውተር ክፍሉ ሠራተኛ፣ ረጋ ያለ ወጣት፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የየራሱ ፎልደር ይከፈትለት ብሎ ነበር። እሷ አልተዋጠላትም። ሠላሳ ስድስት ልጅ ሠላሳ ስድስት ቦታ ከተቀመጠ መበታተን ማለት እሱ አይደል? አንድ ክፍል፣ አንድ ደብተር አለችና ሁሉም የሚጽፉበት አንድ ፋይል አስከፈተች።

የመጀመሪያው ሳምንት የጉድ ነበር። ጽሑፉ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ፣ ፊደል ከላይም ከታችም ይፈላል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገፋዋል።

«ቲቸር፣ የሆነ ልጅ ዓረፍተ ነገሬ መሃል ገባብኝ።»

«ይውጣ» አለች፣ ማን እንደገባ፣ በየት እንደሚወጣም ሳይገባት።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ መስመር ያዘ። ሁሉም በስሙ ሥር የየራሱ ገጽ ኖረው፤ የሰፈራቸው ውሃ ከየት ተነስቶ ቧንቧቸው እንደሚደርስ እየጠየቁ ጻፉ። የተርሙ ውጤት ከዚያ የሚያዝ ነበር። መምህርቷ በልቧ ኮራች።

ሰኞ ዕለት ደወል ተደውሎ ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ከኋላ የምትቀመጠው የአናጢው ልጅ ብቻ የመጨረሻ መስመሯን ለመጨረስ ቀረች፤ እሷም ጨርሳ ወጣች። መምህርቷ ቀና ብላ ግድግዳውን አየችው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጽፎበታል። ቀጥሎ የሚገባው የሂሳብ አስተማሪው ነው። የተሞላ ሰሌዳ ለተረኛ አስተማሪ ትቶ መውጣት በእሷ ዘንድ ነውር ነው፤ አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምትነግረው ይህንኑ ነው። ጠመኔም ዳስተርም እዚያ ስለሌለ በሥልጠናው እንዳሳዩዋት ሁሉንም መረጠችና ማጥፊያውን ተጫነች። ግድግዳው ነጣ። በእሷ ሐሳብ ያጸዳችው ሰሌዳውን ነው፤ ደብተሩማ ኢንተርኔት ላይ በሰላም ተቀምጧል።

በማግስቱ ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። ግማሹ ልጅ ጮኸ፣ ግማሹ አለቀሰ። መምህርቷ ኪቦርዱን ብትነካካው፣ ዘግታ ብትከፍተው፣ ያው ነጭ ነው። ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ነበር። ግራ ሲገባት ወደምታውቀው ነገር ሄደች።

«ትናንት መጨረሻ የወጣችው ማን ናት?»

ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ።

«ቲቸር፣ እኔ አልነካሁም» አለች የአናጢው ልጅ።

«ታዲያ ማን ነካው? ራሱ ተነስቶ ሄደ?»

ልጅቷ ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረባት፤ አንዱ በማርፈድ፣ አንዱ በኮምፒውተር ጌም በመጫወት። ሦስተኛው ከትምህርት ቤቱ ያስባርራል። መምህርቷም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም «አንቺ ነሽ፤ እርግጠኛ ነኝ» አለች፤ ልጅቷ ወላጅ እንድታመጣ ተላከች።

ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ፈገግ አለ። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ማን ምን እንዳደረገ ይመዘግባል።» ሁለት ቦታ ነካ አደረገና ዝርዝር መጣ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

«ምን ይላል?»

«ሰኞ፣ ደወል ከተደወለ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ጠፋ ይላል። ስሙ የእርስዎ ነው።»

«የእኔ? እኔ ሰሌዳውን ነው ያጸዳሁት።»

«እዚህ ሰሌዳውም ደብተሩም አንድ ነው፣ ቲቸር።»

ክው አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንዴ ስሟን፣ አንዴ ሰዓቱን አየች። እሱ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ የልጆቹ ውሃ፣ ከነቧንቧው፣ ከነስህተቱ ተመልሶ መጣ። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «በቃ ሁሉም ተገኝቷል። ራሱ ተመለሰ ይበሉ፤ እኔም ያየሁት ነገር የለም» አላት።

ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አሳፈራት። ተነስታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች።

አናጢው እጅጌው ላይ ሰጋቱራ እንደያዘ ቆሟል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። ጠረጴዛው ላይ በእጇ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ «የክፍሉን ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ተፈርሞበታል።

«አምናለች» አለ ዳይሬክተሩ።

«እሷ አይደለችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች መምህርቷ፣ ቆማ እንዳለች።

የአናጢው ዓይን እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህርት። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም አለ?» ወደ ልጁ ዞረ። «ሰማሽ? አንቺን ለማዳን በራሷ ላይ ስትፈርድ!»

«አልፈረድኩም፤ እውነቴን ነው፤ ስሜ ተመዝግቧል» አለች።

ዳይሬክተሩም ራሱን እየነቀነቀ፣ «ይገባኛል፣ ይገባኛል። ለእርስዎ ስንል ትተነዋል» አለ። ባስረዳች ቁጥር የባሰ አከበሯት። ሠላሳ አንድ ዓመት የገነባችው ስም እውነቷን መግቢያ ከለከላት።

ወደ ልጅቷ ቀረበች። «አንቺስ ሳታጠፊ ለምን ፈረምሽ? አስገድደውሽ ነው?»

«አይ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እርስዎ እርግጠኛ ነኝ ሲሉ ደጋግሜ አሰብኩ። ከዚያ ቁልፉን ስጫነው ታየኝ። ያደረግኩት መሰለኝ።» ቀና ብላ አየቻት። «ስለዚህ አልነካሁም?»

«አልነካሽም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

መምህርቷ «አዎ» ልትል ነበር። ትናንትም እርግጠኛ ነበረች።

«እኔን አትመኚ» አለች። «ነይ፣ በዓይንሽ እይው።» እጇን ይዛ ወደ ኮምፒውተር ክፍል ወሰደቻት፤ አባትየውም እያመሰገነ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው።