በቀኝ ጉንጯ

ኦቲሊዬ ቭርባቶቫ በፊልምም በቴሌቪዥንም ስትበላ ኖረች። የቤት አከራይ ሆና፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆና፣ ደረጃ ላይ ቆማ ጎረቤት የምታማ ሴት ሆና፣ ሠርግ ቤት ጥግ የተቀመጠች የማትታወቅ ዘመድ ሆና ትበላለች። ሌሎቹ ተዋንያን ምግቡን በሹካ ወዲያ ወዲህ እያሉ ነው የሚናገሩት። እሷ ግን የእውነት ትጎርሳለች፤ አፏ ሞልቶም እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይወጣል። ፕራግ ውስጥ ትራም ላይ ስትሳፈር ሰዎች በክርናቸው ይነካካሉ። «ያቺ የምትበላዋ!» ይላሉ። ስሟን የሚያውቅ የለም።

«ስሜን ያወቁ ዕለት ሞቻለሁ ማለት ነው» ትላለች እየሳቀች።

በዚያ ዓመት በጸደይ ደም ሥሯ ራሷ ውስጥ ተዘጋና ወደቀች። እጇ ተመለሰላት፣ ምላሷም ተመለሰላት፤ መዋጥ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሐኪሙ ከላመ ነገር በቀር ወደ አፏ እንዳታስገባ ነገራት፤ አንዲት ጠጠር ያለች ጉርሻ ወደ አየር ቧንቧዋ ከገባች አለቀላት። ይህንን ከሐኪሙ ሌላ የምታውቀው የወንድሟ ልጅ ዝዲስላቫ ብቻ ነበረች፤ ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ አልባሳት ክፍል ትሠራለች።

መከር ሲገባ አንድ የትወና ሚና መጣላት። በአንድ ተከታታይ ድራማ ውስጥ አማት ትሆናለች፤ እሑድ ምሳ ላይ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጠረጴዛ ከቦ ሳለ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ትናገራለች። በሕይወቷ አንድ ሙሉ ገጽ ተሰጥቷት አያውቅም።

የቀረጻው ዕለት ጠዋት ዝዲስላቫ ቀሚሷን ከኋላ እየቆለፈችላት፣ «አክስቴ፣ አሁንም እንንገራቸው። ሳትበዪ ተናገሪ ይሉሽ ይሆናል» አለቻት።

«አይሉኝም። ሚላዳን ጠርተው በእኔ ቦታ ያስተውኗታል።»

«ሚላዳ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ካፍቴሪያው ውስጥ ተቀምጣለች። ድንገት በዚህ ሳልፍ ነው አለችኝ። ድንገት! ፀጉሯን ተሠርታ፣ ገጹን በቃሏ አጥንታ ድንገት።» አገጯን ቀና አደረገች። «አንገትጌውን ላላ አድርጊው። እንደ ዝይ አታንቂኝ።»

ዝዲስላቫ መላ አበጅታለች። በትዕይንቱ የሚበላው ክኔድሊክ ከተቀቀለ ሊጥ የሚሠራ፣ በክር እየተቆረጠ የሚቀርብ ነው፤ እሷ ግን ቤቷ ድንች ቀቅላና አድቅቃ፣ ጠፍጠፍ አድርጋ፣ በቢላ ቆርጣ ክኔድሊክ አስመሰለችው። መረቅ ከፈሰሰበት ማን ይለየዋል? በገዛ እጇ አክስቷ ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

ዳይሬክተሩ ሃይዱክ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ። «እማማ ኦቲሊዬ፣ መጀመሪያ ይጎርሳሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። ካሜራው ከፊትዎ ንቅንቅ አይልም። ቀረጻውን አላቋርጠውም።»

«ሳልጎርስ ተናግሬ አውቃለሁ እንዴ ልጄ?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዝዲስላቫም ከካሜራው ጀርባ ቆማ ሳቀች።

የቀረጻ ዕቃ ኃላፊው ቬንደሊን ዝዲስላቫ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ኦቲሊዬን የሚወድ፣ ሽበታም፣ ትልቅ ሰውዬ ነው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «አንዱ ሰነፍ ለእሳቸው ምን እንዳስቀመጠላቸው ብታዪ!» አለ። «የላቆጠ ድንች! ለእሳቸው! ደፋሁትና የሚስቴን ክኔድሊክ አደረግሁላቸው። ዛሬ ጠዋት የቀቀለችው ነው፤ ድርቅ ያለ፣ ጥርስ የሚይዘው።»

«ምን አልክ?»

ቀዩ መብራት በራ። «ጀምሩ!» አለ ሃይዱክ።

ዝዲስላቫ ሳህኑን አየች። መረቁ ያልሸፈነው ጠርዝ ሸካራ ነው፤ ክር የቆረጠው ነው። ብትጮኽ ቀረጻው ይበላሻል፣ «ለምን ጮኽሽ?» ይሏታል፣ ሚላዳም ደረጃውን እየሮጠች ትወጣለች። ባትጮኽ ደግሞ...

ኦቲሊዬ ክኔድሊኩን በሹካ ወጋች። የወጋው እጇ ለአፍታ ቆመ። ድንች እንዳልሆነ እጇ ነገራት። ዓይኗን ከካሜራው አሳልፋ ጨለማው ውስጥ ዝዲስላቫን ፈለገች። ዝዲስላቫ ወደፊት ልትራመድ አንድ እግሯን አነሳች። አክስቷ ቅንድቧን በጥቂቱ አወረደች፤ ዝዲስላቫ ልጅ ሳለች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትቁነጠነጥ የምታያት አስተያየት ነበር። ዝዲስላቫ እግሯን መልሳ አስቀመጠች።

ኦቲሊዬ ጎረሰች።

አላኘከችም። በምላሷ ወደ ቀኝ ጉንጯ ገፋችውና ያዘችው። ከዚያ መናገር ጀመረች።

«በዚህ ጠረጴዛ ላይ ልጄ ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ አላውቅም» አለች ለአማቿ። «ታቀርባለች፣ ታነሳለች፣ ታጥባለች። አንተ ግን አንድ ቀን ዞር ብለህ ሳህኗን አላየኸውም...»

ጉንጯ አብጧል። መረቁ ወደ ጉሮሮዋ እየወረደ ይተናነቃታል፤ ትንፋሿን በአፍንጫዋ እየሰረቀች፣ ቃሉን እየጨረሰች፣ ዓይኗ በእንባ ሞላ። አንድ ጊዜ አንገቷ ተንዘፈዘፈና ዝም አለች። ዝዲስላቫ የራሷን ትንፋሽ ያዘች። ዝምታው ረዘመ። አክስቷ አገጯን ወደ ደረቷ አድርጋ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀና ብላ የቀረውን ተናገረች፣ እስከ መጨረሻው ቃል።

«በቃ!» አለ ሃይዱክ።

ዝዲስላቫ ደርሳ መሀረቡን አፏ ላይ ያዘችላት። ጉርሻው እንዳለ ወጣ፤ የጥርስ ምልክት እንኳ የለበትም።

«እንዴት ያለ እንባ ነው!» አለ ሃይዱክ እጁን እያፋተገ። «እማማ፣ ገደሉን እኮ! ለማንኛውም አንዴ እንድገመው።»

ኦቲሊዬ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ሳል ቀደማት። ፊቷ እንደ ጨርቅ ነጣ። ቬንደሊን ሳልዋን ሰማ፣ ዝዲስላቫ እጅ ላይ ያለውን መሀረብ አየ፣ መሀረቡ ውስጥ ያለውን አየ። የላቆጠው ድንች ለምን እንደ ነበር ገባው። ከዚያ የመረቁን ጎድጓዳ ሳህን አነሳ፣ «ልጨምርበት» አለና እላይዋ ላይ ገለበጠው። ፈዛዛው ቀሚስ ከአንገትጌው እስከ ጉልበቱ ቡናማ ሆነ።

«ቬንደሊን!» ሃይዱክ ጮኸ። «እጅ ነው ወይስ አካፋ ያበቀልከው? አንተ በሬ!»

«በሬ ነኝ፣ አቶ ሃይዱክ» አለ ቬንደሊን።

ሃይዱክ ወደ ዝዲስላቫ ዞረ። «ትርፍ ቀሚስ አለሽ አይደል?»

ነበራት። ለቀረጻ ለሚለበስ ልብስ ሁሉ ሁለተኛ ይሰፋል፤ ያለዚያ ከአልባሳት ክፍል ያባርሯታል። ያ ቀሚስ ተተኩሶ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

«የለኝም» አለች።

ሃይዱክ ዓይን ዓይኗን አያት። ከዚያ ወደ ኦቲሊዬ፣ ወረቀት ወደ መሰለው ፊቷ፣ በመረቅ ወደ ራሰው ደረቷ አየ።

«ጥሩ ነበር መቼስ» አለ ቀስ ብሎ። «ያለን ይበቃናል። መብራት አጥፉ።»

ኮሪደሩ ላይ ቬንደሊን ኮፍያውን እየጠመዘዘ ቆሞ ጠበቃቸው። ኦቲሊዬ አጠገቡ ስትደርስ ቆም አለች።

«ለሚስትህ ንገራት፤ ጨው አንሶታል።»

«ቀመሱት እንዴ?»

«ጉንጬ ቀምሶታል። ጉንጬ ደግሞ አዋቂ ነው።»

ድራማው ሲተላለፍ የክረምቱ በረዶ ከብዶ ነበር። ኦቲሊዬ አላየችውም፤ የገና ሻማዎች ከመለኮሳቸው በፊት ያው ደም ሥር ዳግመኛ ተዘግቶ ወሰዳት። ድራማው በተላለፈ ማግስት ጎረቤቶች የዝዲስላቫን በር አንኳኩ። «ስሟ ማን ነበር? ስታለቅስ እኮ የእውነት ነው የመሰለው!» አሉ። ስሟን ነገረቻቸው፤ ቀስ ብላ፣ እንዲይዙት።

ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ያሳዩታል። ዝዲስላቫ እንባውን አታይም። ቀኝ ጉንጯን ነው የምታየው። ያ ዝምታ ሲመጣ፣ አገጩ ወደ ደረት ሲወርድ፣ እንደሚያልፍ እያወቀች ትንፋሿን ትይዛለች፤ እጇም መሀረብ ይፈልጋል።