ሦስት ጊዜ የተለካ

ባሌ ቀያሽ ነው። የአንድን መሬት ጥግ ከሦስት ቦታ ቆሞ ካልለካ እንቅልፍ አይወስደውም። ጡረታ ሲወጣ የሚለካው ቢያጣ የዘር ሐረጉን ሊለካ ተነሳ። እኔ ሞኟ «እሰይ፣ እኔን መነዝነዙን ይተዋል» ብዬ ደስ አለኝ።

አካሄዱን እንደ ተማሪ ቁጭ አድርጎ ያስረዳኛል። ከራስ ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ፣ በዕድሜ የገፋውን ቶሎ መጠየቅ፣ የሰሙትን ከመቃብር ድንጋይ ጋር ማመሳከር። ድንጋይ ከሌለ ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቀን ደግሞ መጠየቅ፤ መልሱ ካልተለወጠ እውነት ነው።

በዕድሜ የገፉት ደግሞ እኛው ቤት ናቸው፣ አክስቱ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው አሁን ትናንትን አያውቁም። አንድ ልጃቸውን ገና ተማሪ ሳለ ጎርፍ ወስዶታል፤ ሬሳው ስላልተገኘ መቃብር እንኳ የለውም። እሳቸው ግን መሞቱን ረስተው ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ይጠብቁታል። «መንገድ ላይ ነው እትዬ» እላቸዋለሁ፤ ያለ ክር፣ ያለ መርፌ የቀሚሳቸውን ጠርዝ እየሰፉ ደስ ብሏቸው ይውላሉ። የቀራቸው ይኸው ነው። እንዳይነካባቸው ባሌን ለመንኩት።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«አክስቴ፣ ልጅዎ የሞተው መቼ ነበር?»

«የቱ ልጄ?»

«ጎርፍ የወሰደው።»

እንዲህ አድርጎ አረዳቸው። ሲጮኹ፣ ደረታቸውን ሲደቁ ቆይተው ቀኑን ነገሩት፤ ጻፈ። በነጋታው ረስተው ተነሱ፣ ተመስገን አልኩ። በሳምንቱ ያው ጥያቄ፣ ያው ጩኸት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

«አንዴ ሁለቴ የተነገረ ማስረጃ አይባልም» አለኝ፣ አፉን ሞልቶ።

ሦስተኛውን ዙር እኔ ገበያ ስወጣ ጠብቆ ጨረሰው። ስመለስ እትዬ መጮህ እንኳ አቅቷቸው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። እሱ «ሦስቱም ገጠመ!» እያለ ይፈነድቃል።

«ድፍት ያርግህ!» አልኩት።

የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት አስጽፎ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ የት ቢሰቅለው ጥሩ ነው? ከአልጋቸው ፊት ለፊት! ያውም ማታ ተኝተው ሳለ፣ ሲነቁ ደስ እንዲላቸው ብሎ።

ጠዋት ተከታትለን ስንገባ በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ከልጃቸው ስም ሥር የተወለደበትም የሞተበትም ተጽፏል። ከእሳቸው ስም ሥር የተወለዱበት፣ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ባዶ።

«ይኼ ምንድነው ልጄ?» አሉት ባዶውን እየነኩ።

«እሱ ኋላ ይሞላል፣ አክስቴ።»

«የልጄ ሞልቷል።»

«አዎ፣ የእሱማ ተረጋግጧል።»

ጣታቸውን ከባዶው ላይ ሳያነሱ ቆዩ።

«በል የእኔንም ሙላልኝ» አሉት።

ባሌ ቀልድ መስሎት ሳቀ።